ከቦርሳ የወጣ አዋጅ

ስማ! ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

ሞዓ ካርድ ዘእምነገደ አሜሪካ፣ ስዩመ ኢሚግሬሽን፣ ለብዙ ዓመታት አረንጓዴ ሳንሆን ግሪን ካርድ ስንባል ኖረን እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ ቀለማችን የተመለስን፣ በሚስት ቦርሳ ውስጥ ከሊፕስቲክና ከቤት ቁልፍ በላይ የነገሥን እኛ፣ ከቦሌ እስከ አሜሪካው ደለስ ኤርፖርት ላለው ሕዝባችን ሰላምታችንን እናቀርባለን።

ባል አሜሪካዊ ሆኖ ሳለ እንጀራው አዲስ አበባ ስለጠራው፤ ሚስትም "ባሌ ካለበት" ብላ ስለተከተለችው፤ እኛን ለእርሷ ያስገኘን እርሱ መሆኑ ባይካድም፣ ከነገሡ በኋላ ውለታ መቁጠር የነገሥታት ልማድ ባለመሆኑ፤ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1። አጭር ርዕስ
ይህ አዋጅ "ባልና ሚስት በአንድ ጣሪያ ሥር የሚገኙበትን ሁኔታ ለመቆጣጠር የወጣ አዋጅ ቁጥር 180/365" ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

አንቀጽ 2። ትርጓሜ
የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ "ቤት" ማለት ሚስት የምታድርበት ሳይሆን የክረምት ካፖርቷ የተሰቀለበት የአሜሪካው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። "ጉብኝት" ማለት ከገዛ ባል ጋር መኖር ነው። "10 ዓመት" ማለት ፊታችን ላይ የታተመው ማብቂያ ሲሆን፣ ያንን አይቶ ልቡን የጣለ ሰው ኃላፊነቱ የራሱ ነው።

አንቀጽ 3። ስለ ቀን አቆጣጠር
ከ180 ቀን በላይ ውጭ የሰነበተች ሚስት በር ላይ እንደ አዲስ ገቢ ልትጠየቅ ትችላለች። ዓመት ካለፋት፣ በመንግሥት ትእዛዝ ውጭ የተመደበ የአሜሪካ መንግሥት ሠራተኛ ሚስት ካልሆነች በቀር፣ እኛን ይዛ መግባት አትችልም።

የሐበሻ ወር 30 ቀን ነው፤ ስድስቱ ሲደመር ልክ 180 ይመጣል። ሕጉን ካረቀቁት መካከል አንድ የመርካቶ ሰው ሳይኖር አይቀርም ብለን እንጠረጥራለን። ይሁን እንጂ ሚያዝያ 1 ወጥታ መስከረም 30 ላይ "ስድስት ወሬ እኮ ነው" የምትል ሚስት ጳጉሜን ረስታለች። ሩፋኤል በጳጉሜ 3 የሰማይን በር ይከፍት ይሆናል፤ የደለስን ግን አይነካም።

አንቀጽ 4። ስለ ተሻሩ ሕጎች
"በዓመት አንዴ ረገጥ አድርጎ መመለስ ይበቃል" የሚለው፣ በቡና ላይ የጸደቀው ሕግ ተሽሯል። የተሻረውም ዛሬ አይደለም። ጃማይካ ውስጥ የእንግዳ ማረፊያ ታስተዳድር የነበረች አንዲት ሴት በዓመት 11 ወር እዚያ፣ አንድ ወር አሜሪካ እያለች ስትመላለስ፣ እ.ኤ.አ. በ1975 የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርዱ "መኖሪያሽን ትተሻል" ብሎ ፈርዶባታል። እኛ ቀን የምንቆጥረው ቁጥር ወደን አይደለም። የምንሻው ልብ ነው፤ ልብ ደግሞ በኤርፖርት ማሽን አይታይም።

አንቀጽ 5። ስለ አንደበት
የኤርፖርቱ ኦፊሰር "እስከ መቼ ነው እዚያ የምትቆዪው?" ሲል "እግዚአብሔር እስከፈቀደ" ብሎ መመለስ በጥብቅ ተከልክሏል። መልሱ በአገሩ ትሕትና ነው፤ እናቷ ብትሰማ በአስተዳደጓ ትኮራለች። ኦፊሰሩ ግን የሚሰማው "ማብቂያ የለውም" የሚለውን ብቻ ነው፤ ሕጉ የሚታገሠው ደግሞ ማብቂያ ያለውን ጊዜያዊ ጉዞ ነው። ኢንሻላህም ከዚሁ ይመደባል። ከጸሎቱ በፊት የባል የሥራ ውል ይውጣ፣ የሚያበቃበት ቀን የተጻፈበት ገጽ ከላይ ሆኖ። ከሥሩ የባንክ ወረቀት፣ መንጃ ፈቃድ፣ እንደ ነዋሪ የተሞላ ታክስ ይከተሉ። ጥቂት ዶላር ለማትረፍ "ነዋሪ አይደለሁም" ብላ ታክስ ያሳወቀች፣ በገዛ እጇ ከዙፋን እንዳወረደችን ሊቆጠርባት ይችላል።

አይ-407 የሚባል ቅጽ ቢዘረጋላት፣ እርሱ እኛን በፈቃድ የመተው ቅጽ ነውና አትፈርምም፤ "ጉዳዬን ዳኛ ይየው" ማለት መብቷ ነው። ሌሊቱን ሙሉ በርራ፣ እግሯ አብጦ፣ ዩኒፎርም ለለበሰ ሰው እምቢ ማለት ለሐበሻ እንዴት እንደሚከብድ እናውቃለን። ቢሆንም።

አንቀጽ 6። ስለ ፈቃድ
ከዓመት በላይ ለመቆየት ያሰበች ሪ-ኢንትሪ ፐርሚት ታውጣ፤ እስከ 2 ዓመት ያስኬዳታል። ነገር ግን ከአሜሪካ ርቆ ለመቆየት የሚጠየቀው ይህ ፈቃድ የሚጠየቀው አሜሪካ ምድር ላይ ቆሞ ነው። ቀድሞ ያላሰበ ባል ትኬት ይገዛል።

አንቀጽ 7። (በትንሽ ፊደል የሚታተም)
ከአሜሪካዊ ባሏ ጋር አብራ የኖረች ሚስት በ3 ዓመት ለዜግነት ማመልከት ትችላለች። ባል አዲስ አበባ ነው፤ እኛ ደግሞ ሲልቨር ስፕሪንግ እንጠራታለን። ከሄደች አብራው አልኖረችም፣ አብራው ከኖረች ጊዜው አይቆጠርላትም፤ ፐርሚቱም ለእኛ እንጂ ለዚህ ቆጠራ አይበጅም። ይህን ክፍል ያረቀቅነው ከምሳ በኋላ ነበር።

ባል ለአሜሪካ መንግሥት ወይም የአሜሪካን የውጭ ንግድ ለሚያስፋፋ አሜሪካዊ ድርጅት ተመድቦ ከሆነ ግን፣ ሚስት ዓመት ሳትቆጥር ዜጋ የምትሆንበት በር አለ። የአክስቱ ልጅ የጣውላ ንግድ አይቆጠርም። በዚያ በር የገባች በመሐላዋ ቀን እኛን አስረክባ ትገላገለናለች፤ ፊደሉን ያሳነስነው ስለዚህ ነው።

አንቀጽ 8። ስለ አማት
"ልጄን ብቻውን ጥለሽው ልትሄጂ ነው?" የሚለው የአማት አቤቱታ ደርሶናል። መልስ የለንም።

በሚስት ቦርሳ ውስጥ፣ ቦሌ፣ ከመጣች በ171ኛው ቀን ተጻፈ። ባል ጓዳ ገብቶ በርበሬና ሽሮ እየመዘነ ነው። ሻንጣው 23 ኪሎ ሞልቶ ሁለት ኪሎ ተረፈ፤ የተረፈውን ወደ ራሱ ጣሳ መለሰው።