የቁምሳጥን ደቦ

የወር መጨረሻ ሲደርስ ዮሐንስበርግ ላይ የሐበሻ ወንድነት የሚለካው በቁምሳጥን ነው። ከሂልብሮው ወደ ቤሪያ፣ ከዮቪል ወደ ቤዝ ቫሊ ቤት የሚቀይር ሰው ቅዳሜ በጠዋት ይደውላል፤ አምስት ወንድሞች ይደርሱለታል። አንዱ ባኪ የምንላትን ፒካፕ ይዞ፣ አንዱ መዶሻ ይዞ፣ ሦስቱ ምክር ይዘው። ካቻቪቴ የያዘ የለም። ካቻቪቴ ይዞ መምጣት የወንድምን ጉልበት መጠራጠር ነው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? እነዚህ ሊቃውንት ተረቱን አሻሽለውታል። አምስት ሰው ከተረባረበበት አንዱ ቁምሳጥን ራሱ ሃምሳ ይሆናል።

ዕቃው ለዚህ ዓይነቱ ጀግንነት አልተሠራም ብለው የሚነዘንዙ አሉ። ቺፕውድ ነው ይላሉ፤ የእንጨት ፍቅፋቂ ከሙጫ ጋር በሙቀት ተጨፍልቆ፣ ላዩ ላይ እንጨት የሚመስል ስስ ልባስ ተለጥፎበት። ብሎኑን ጎትተው ከነቀሉት ቀዳዳው ዱቄት ይተፋል፣ ሁለተኛ አይዝም። ውሃ ከነካው ያብጣል፣ ያበጠውም ወደ ልኩ አይመለስም። ይሄ ሁሉ እውነት ነው። ግን እውነትን ሰምቶ መዶሻውን ያስቀመጠ ማን አለ?

ነዝናዦቹ ይቀጥላሉ። ሰሌዳና ሰሌዳ የሚያያዘው በሚስማር አይደለም ይሉናል። በአንደኛው ሰሌዳ ላይ አንገት ያላት ብሎን ትቆማለች፤ በሌላው ውስጥ ደግሞ 15 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያላት ክብ ብረት ተቀብራለች፣ ብዙ ጊዜም በፕላስቲክ ክዳን ተሸፍና። ክቧን ግማሽ ዙር ያህል ወደ ቀኝ ሲያዞሯት የብሎኗን አንገት አንቃ ትስባለች፤ ያንኑ ያህል ወደ ግራ ሲመልሷት ትለቃለች። ከዚያ ሰሌዳውን ሳያወዛውዙ ቀጥ አድርገው መሳብ ብቻ ነው።

ግማሽ ዙር! ሞያሌን ተሻግሮ፣ ኬንያን፣ ታንዛኒያንና ማላዊን አቆራርጦ እዚህ የደረሰ ጎልማሳ በሰው ፊት ግማሽ ዙር ሊያዞር ነው? «ወደዚያ በል፣ እኔ አውቀዋለሁ» ይላል ባለመዶሻው፤ ክዳኗን ሳያያት ሰሌዳውን ከሥር ወደ ላይ ይነርተዋል። ጧ! ብሎኗ ከነሥሯ፣ ቺፕውዱም ከነሥጋው ተቦድሶ ይመጣል። «አላልኳችሁም? ለቀቀ።»

ከጀርባ በጥቃቅን ሚስማር የተመታችውን ስስ ሰሌዳ በእርግጫ መገንጠል ደንቡ ነው። ቁምሳጥኑ እንዳይንጋደድ አራት ማዕዘኑን የምትጠብቀው እሷ መሆኗ ማንንም አያሳስብም፤ ከኋላ ላለ ነገር ማን ይጨነቃል? በሩም ቢሆን በብዙዎቹ ላይ ማጠፊያው ምላስ አለችው፣ ጫን ሲሏት በሩ ተላቆ እጅ ላይ ያርፋል። እሷን ከመፈለግ በሩን ይዞ መንጠልጠል ይቀላል።

ሌላ ዓይነት ሰውም አይጠፋም። ሳይነካው በስልኩ ፎቶ ያነሳል። ልብሱንና መሳቢያውን አውጥቶ ይጨርሳል። እያንዳንዱን ሰሌዳ ፕላስተር ለጥፎበት «ግራ»፣ «ላይ» ብሎ ይጽፍበታል። ብሎኖቹን በትንሽ ላስቲክ ቋጥሮ እዚያው ሰሌዳ ላይ ያጣብቃል። የላላ ቀዳዳ ቢያገኝ ሙጫና የክብሪት እንጨት ይሞላበታል። እንዲህ ያለውን ሰው ደቦ ላይ መጥራት አይመከርም፤ ሥራ ያጓትታል፣ ምሳውም ይቀዘቅዛል። የእኛ ደንብ የአልጋውን፣ የቴሌቪዥን ማስቀመጫውንና የቁምሳጥኑን ብሎን አንድ ፌስታል ውስጥ መጨመር ነው። ፌስታሉም ከሽንኩርትና ከቃሪያው ፌስታል ጋር ተመሳስሎ ማታ ቆሻሻ ውስጥ ይገባል።

ዓለም ዕቃ ፈትቶ መጫን ሲጀምር አሳቡ ሌላ ነበር። የቪየናው ሚካኤል ቶኔት እ.ኤ.አ. በ1859 ያወጣውን ወንበር 36ቱን ፈታትቶ አንድ ሜትር ኪዩብ ሳጥን ውስጥ ይከታቸው ነበር። በ1956 ደግሞ፣ ዛሬ የጄፒ ጎዳናችን በስሟ የሚጠራው ራሂማ ሙሳ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር የፕሪቶሪያውን የሴቶች ሰልፍ በመራችበት ዓመት፣ ስዊድን ውስጥ አንድ የአይኬያ ሠራተኛ ጠረጴዛ መኪና ውስጥ አልገባ ቢለው እግሮቹን ፈታ ይባላል። ሁለቱም የተጨነቁት ዕቃው ሲጫን ቦታ እንዳይፈጅ ነው። የእኛዎቹ በልጠዋቸዋል፤ እነሱ የፈቱት ቁምሳጥን ከዚያ በኋላ ምንም ቦታ አይፈጅም።

ጉልበት እንጂ ትዕግሥት የላቸውም እንዳይባል፣ እነዚሁ ሰዎች ሎኬሽን በምንለው የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ በር ለበር ብርድ ልብስና መጋረጃ በዱቤ ሲሸጡ የማን እናት ስንት ራንድ እንደቀረባት፣ በስንተኛው ሳምንት እንደምትከፍል ደብተር ሳይገልጡ ይነግሯችኋል። ግራ በርና ቀኝ በር ላይ ሲደርሱ ነው ትውስታቸው የሚከዳቸው። ችኮላውም ከየት እንደመጣ አልጠፋንም። እ.ኤ.አ. በ2015 ጥር ሶዌቶ ውስጥ የውጭ ዜጎች ሱቆች ሲዘረፉ ባለሱቆቹ ፖሊስ ቆሞላቸው ያላቸውን እየጫኑ ወጥተዋል፤ ያን ቀን አንዲት ብሎን እንኳ በቀስታ መፍታት ቅንጦት ነበር። ግን ቤሪያ ውስጥ፣ ኪራይ ተከፍሎ፣ ባኪው በር ላይ ቆሞ፣ ቡና እየተፈላ፣ ማን እያባረረን ነው?

አዲሱ ቤት ሲደርስ ሰሌዳዎቹ በአሥር ቁጥር ሚስማር ይጋጠማሉ፤ መቼም ፌስታሉ የለም። ቁምሳጥኑ ጀርባ ስለሌለው የአከራዩን ግድግዳ ተደግፎ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ አጎንብሶ ይቆማል። ሌሊት ሌሊት በሩ ሲጥጥ ብሎ በራሱ ይከፈታል። የቤቱ እመቤት ይሄ ቤት መንፈስ አለበት ብላ ጠበል ትረጭበታለች፤ ለወትሮው አንድ ኩባያ ይበቃ ነበር፣ ለዚህኛው ጀሪካን ሙሉ። ጠበሉም ሠራ። በሦስተኛው ቀን በሩ በራሱ መከፈቱን ተወ፤ ባለቤቱና ሁለት ወንድሞች ተጋግዘው ቢስቡትም አልከፈት አለ።