ሳሙናው

ጀሞ አካባቢ ልጄን የማስተምርበት የመንግሥት ትምህርት ቤት ኢንስፔክተር ሊመጣበት መሆኑን የሰማሁት ከርእሰ መምህሩ አይደለም። ሁለተኛ ክፍል ያለችው ልጄ ማታ ስትገባ፣ «አባዬ፣ ሽንት ቤታችን እኮ ሳሙና አለው!» አለችኝ። በቃ፣ ገባኝ።

የአገራችን ትምህርት ቤት በ26 ስታንዳርድ ነው የሚመዘነው፤ 25 ከመቶው ለግብአት፣ 35ቱ ለሂደት፣ 40ው ለውጤት። 70 ያገኘ ደረጃ 3 ይባላል፤ «ስታንዳርዱን አሟልቷል» ማለት ነው። ከዚያ በታች፣ ደረጃ 1 ወይም 2 የያዘው ደግሞ ታጥቦ ይቀርባል። የኛም ታጠበ። ቁልፉ ጠፍቷል ሲባል የከረመው ቤተ መጻሕፍት በአንድ ጀምበር ተከፈተ፤ መጻሕፍቱ እንዳይዝረከረኩ ግን ተማሪ አይገባም።

የወላጅ ኮሚቴ አባል ነኝና እኔም ተጠራሁ። ጸሐፊዋ ሦስት ቃለ ጉባኤ ዘርግታ፣ «ጋሼ፣ እዚህ እዚህ ጋ ይፈርሙ» አለችኝ። በአንዱም ስብሰባ አልነበርኩም። ለነገሩ ጥሩ ተናጋሪ ሆኛለሁ፤ በኅዳሩ ስለ ንባብ ክህሎት «አጥብቄ አሳስቤያለሁ»። ፈረምኩ። እንዲህ ያለ ቁም ነገር ተናግሬ እንዴት ልካድ?

ጎረቤቴ ፊደል አልቆጠሩም፤ የሳቸው ስታንዳርድ አንድ ብቻ ነው፦ «የአስተማሪዎቹ ልጆች የት ነው የሚማሩት?» ይህ ጥያቄ ከ26ቱ ውስጥ የለም፤ ደግነቱ።

ሰኞ ልጄን ስለ ሳሙናው ጠየቅኳት።

«ከእንግዶቹ ጋ ሄደ» አለችኝ።