ግማሽ ድልድይ፣ ሙሉ ቲኬት፦ አንድ ቀን በአቪኞን

አቪኞን በደቡብ ፈረንሳይ፣ በሮን ወንዝ ግራ ዳር የተቆረቆረች፣ ዙሪያዋን ከ4 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ የድንጋይ ግንብ የታጠረች ጥንታዊ ከተማ ናት። ስሟን ያገነኑት በ14ኛው መቶ ዘመን ሮምን ትተው የተቀመጡባት የካቶሊክ ርእሳነ ሊቃነ ጳጳሳት ናቸው። ዩኔስኮም በ1995 (እዚህ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) የከተማዋን እምብርት በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ይህን ሁሉ የጉብኝት መጽሐፍ ይናገራል። መጽሐፉ የማይናገረው የከተማዋን ጠባይ ነው፤ አቪኞን ውስጥ የተጀመረ ነገር ብዙውን ጊዜ መንገድ ላይ ይቀራል፣ የቀረውም በቲኬት ይታያል።

ጠባይዋ የሚታወቀው ገና ከባቡር ሲወረድ ነው። ከፓሪስ የተነሳው ፈጣን ባቡር አገር አቋርጦ በ2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ይደርስና መንገደኛውን በ2001 በተከፈተ፣ ከግንቡ ርቆ በቆመ ዘመናዊ ጣቢያ ያራግፈዋል። ግንብና ቤተ መንግሥት ለማየት የጓጓው ሰው ሻንጣውን እየጎተተ ሲወጣ የሚቀበለው የመኪና ማቆሚያ ነው። የቀረችውን ጥቂት ኪሎ ሜትር ትንሽ ባቡር በ5 ደቂቃ ታደርሳለች። ትንሿን ባቡር መጠበቁ ግን ከ5 ደቂቃ ሊበልጥ ይችላል።

ጳጳሳቱም ሲመጡ ለጊዜው ነበር። ፈረንሳዊው ቀሌምንጦስ 5ኛ የጣሊያንን ብጥብጥ ሸሽተው በ1309 አቪኞን ገቡ። በነዲክቶስ 12ኛ በ1335 ታላቁን ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ። ቀሌምንጦስ 6ኛ ደግሞ በ1348 ከተማዋን ራሷን ከናፖሊ ንግሥት ከጆቫና በ80,000 ፍሎሪን ገዟት። ለጊዜው ያረፈ እንግዳ ቤት ማስፋት ሲጀምር ባለቤቱ መጠርጠር ነበረበት፤ ሰፈሩን ሲገዛ ግን ጥርጣሬውም አለፈበት። 7 ጳጳሳት ከተፈራረቁ በኋላ ጎርጎርዮስ 11ኛ በ1376 ወደ ሮም ጉዞ ጀመሩ። ነገሩ ያኔም አላለቀም፤ ከ1378 በኋላ አንድ ጳጳስ በሮም፣ ተቀናቃኙ በአቪኞን ተቀምጠው ተወጋገዙ። በጳጳሳቱ እጅ የቆየችው ከተማ ለፈረንሳይ የተጠቃለለችው አብዮቱ ፈንድቶ በ1791 ነው።

ጣሊያናዊው ባለቅኔ ፔትራርካ ይህችን የጳጳሳት ከተማ ባቢሎን እያለ በብዕሩ ገረፋት። ሲገርፋትም ጳጳሳቱ ከሰጡት የቤተ ክርስቲያን ገቢ መተዳደሩን አላቆመም።

ኢትዮጵያም በዚህ ታሪክ ውስጥ ስሟ ይነሳል። የጄኖቫው ካህን ጆቫኒ ዳ ካሪኛኖ በጻፈው ዘገባ፣ በ14ኛው መቶ ዘመን መባቻ 30 መልእክተኞች ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ መጡ፤ ካለፉባቸው ከተሞችም አንዷ አቪኞን ነበረች ይባላል። የካህኑ ጽሑፍ ራሱ ስለጠፋና የተረፈው ሌሎች የጠቀሱት ብቻ ስለሆነ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። እንግዲህ በከተማዋ ደንብ መሠረት ይህም ታሪክ የደረሰን ጎድሎ ነው።

የጳጳሳቱ ቤተ መንግሥት 15,000 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል፤ በአውሮፓ ከሚገኙት የጎቲክ ሕንጻዎች ከታላላቆቹ አንዱ ነው። ውስጡ ግን ባዶ ነው። አብዮቱ ዕቃውን በተነው፣ በ19ኛው መቶ ዘመን ደግሞ የጦር ሰፈር ሆኖ ወታደር አደረበት። ለጎብኚው በር ላይ ታብሌት ይሰጠዋል፤ ባዶውን አዳራሽ በታብሌቱ ሲያየው ምንጣፉ፣ አልጋውና መጋረጃው ብቅ ይላል። ሕዝቡም የ14ኛውን መቶ ዘመን ድንጋይ ለማየት ያን ያህል አገር አቋርጦ መጥቶ፣ አንገቱን ደፍቶ መስታወት እያየ ከድንጋዩ ጋር ይጋጫል።

ታብሌት የማያስፈልገው ክፍል ማድ ቤቱ ነው። ጣሪያው እንዳለ ጭስ መውጫ ነው፤ ስምንት ማዕዘን ሆኖ እየጠበበ 18 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል። ምን ቢበስልበት ነው ለሚል ጠያቂ መልሱ ቀሌምንጦስ 6ኛ በ1342 ዘውድ በጫኑ ጊዜ ለተጣለው ግብር በተያዘው ዝርዝር ውስጥ አለ፤ 118 በሬ፣ 1,023 በግ፣ 10,471 ዶሮ፣ 50,000 የፍራፍሬ ቂጣ። በሬውን ማን እንደቆጠረ መገመት ይቻላል። ከ10,471ዱ ዶሮ መጨረሻ ያለችውን አንዷን ሳይስት የመዘገበው ግን ያለ ጥርጥር ወጥ ቤት ሳይሆን ሒሳብ ሹም ነው።

ይህን ዝርዝር ያነበበ ሰው ይርበዋል፤ ችግሩም ሰዓቱ ነው። የፈረንሳይ ምግብ ቤት ብዙውን ጊዜ ምሳ የሚያቀርበው ከቀኑ 6 እስከ 8 ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ የመጣውን አስተናጋጁ በትሕትና፣ ግን ያለ ይግባኝ ይመልሰዋል። በሰዓቱ የደረሰ የአገሩን ምግብ ያገኛል። ፓፕቶን ከደበርጃንና ከእንቁላል ተደባልቆ በቅርጽ የሚጋገር ሲሆን ስሙን ለጳጳሱ አክሊል አስጠግተው ይተርኩለታል። ራታቱይ የደበርጃን፣ የዝኩኒ፣ የቃሪያና የቲማቲም ወጥ ነው። ታፕናድ ደግሞ የወይራ ፍሬ ከትንንሽ የጨው ዓሣ ጋር ተደቁሶ በዳቦ ይበላል። ለጾመኛ ፓፕቶን በእንቁላሉ ይቀራል፣ ታፕናድ በዓሣው ያከራክራል፣ ራታቱይ በዘይት ስለሚሠራ ያለ ክርክር ያልፋል። የቧንቧ ውኃ በማሰሮ ለጠየቀ በነጻ ይቀርባል፤ ያልጠየቀ የታሸገውን ይከፍላል።

ወይን የሚፈልግ ሰው ከከተማዋ በስተሰሜን ከሻቶኔፍ ዱ ፓፕ መንደር የሚመጣውን ያዛል። እዚያ ጳጳስ ዮሐንስ 22ኛ የበጋ ቤተ መንግሥት አሠርተው ነበር፤ ዛሬ የቆመለት ፍርስራሹ ብቻ ነው። የመንደሩ ከንቲባ በ1954 ባወጡት ደንብ፣ ከሌላ ዓለም ይመጣሉ የሚባሉ በራሪ ሳህኖች በመንደሩ ሰማይ እንዳይበሩ፣ በወይን እርሻውም እንዳያርፉ ተከልክለዋል፤ ካረፉም እንደ ጥፋተኛ መኪና ተይዘው እንዲቆሙ ታዟል። እስካሁን ደንቡን የጣሰ ስላልተያዘ በፈረንሳይ ሙሉ በሙሉ ከተከበሩት ሕጎች አንዱ ነው ማለት ይቻላል።

ከምሳ በኋላ ተራው የቅዱስ ቤኔዜ ድልድይ ነው። በአፈ ታሪክ ቤኔዜ የተባለ እረኛ በ1177 ከሰማይ ድምፅ ሰምቶ ድልድይ እንዲሠራ ታዘዘ። ባለሥልጣኖቹ ሲሳለቁበት ሠላሳ ሰው የማያነሳውን ድንጋይ ብቻውን ተሸክሞ መሠረቱን አኖረ ይባላል። ድልድዩ በ1185 አለቀ። የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 8ኛ በ1226 ከተማዋን ከቦ ሲይዝ አፈረሰው፤ እንደገና ሲሠራ ርዝመቱ 900 ሜትር ያህል፣ ቅስቶቹም 22 ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ጎርፍ ሲያፈርስ ሰው ሲጠግን ቆይቶ በ17ኛው መቶ ዘመን ሰው ተሸነፈ። የተረፉት 4 ቅስቶችና በላያቸው የቆመችው የጀልበኞች ጠባቂ የቅዱስ ኒቆላዎስ ጸሎት ቤት ናቸው።

ጥገናውን ያከበደው የባለቤትነት ጉዳይም ነበር። ከተማዋ የጳጳሱ ስትሆን ወንዙንና ማዶውን የፈረንሳይ ንጉሥ የኔ ይል ነበር። ሮን ሞልቶ መንገዶቹን ሲያጥለቀልቅ የንጉሡ ሹማምንት፣ «ውኃው የደረሰበት ሁሉ የንጉሥ ነው» ብለው ግብር ይጠይቁ ነበር ተብሎ ይተረካል። ድልድይ ሲፈርስ ግን እንዲህ የሚሽቀዳደም ባለቤት አልተገኘም።

ጎብኚው ከፍሎ ይወጣል፤ ወንዙ መሐል ላይ መንገዱ ያልቃል፤ አጥር አለ፤ ይመለሳል። በዚህ ላይ ከሰሜን የሚወርደው ሚስትራል የተባለ ነፋስ ከተነሳ ኮፍያ ማዶውን ሲሻገር ባለቤቱ ወዲህ ይቀራል። ያም ሆኖ በዓለም የታወቀው የልጆች ዘፈን በዚህ ድልድይ ላይ ክብ ሠርተው ስለሚጨፍሩ ሰዎች ስለሚያወራ፣ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይዞራሉ። ድልድዩ ለክብ ጭፈራ ጠባብ ነው፤ የጥንቱ ጭፈራ ከቅስቶቹ ሥር፣ በባርተላስ ደሴት ላይ እንደነበር ይነገራል።

ወደዚያ ደሴት ለመሻገር ከድልድዩ ወርዶ ወንዙን ተከትሎ ጥቂት መራመድ ይበቃል። የከተማው ጀልባ እዚያ ትጠብቃለች፤ በደቂቃዎች ውስጥ ታሻግራለች፤ ድልድዩ ከነቅስቶቹ፣ ቤተ መንግሥቱ ከነግንቡ አምሮ የሚታየውም ከማዶ ነው። ቀኑን ሙሉ ሳይሻገር ሲከፍል የዋለው ሰው እዚህ ቦርሳውን ሲያወጣ ጀልበኛው በእጁ ይመልሰዋል፤ መሻገሩ በነጻ ነው።