በሰው አገር ማዘዝ

የአዲስ አበባ ልጅ ነኝና ማኪያቶ ማዘዝ የሚያስተምረኝ የለም ባይ ነበርኩ። ጣሊያን ውስጥ፣ ከስሎቬንያ ድንበር አፍ ላይ በተቀመጠችው ትሪየስቴ ግን አንዲት ስኒ አዋረደችኝ።

«ማኪያቶ» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

«ካፖ?» አለኝ አስተናጋጁ።

ካፖ የኛው «ካቦ» መሆኑን አውቃለሁና፣ «ኧረ እኔ እንኳን ካቦ፣ የቀን ሠራተኛም አይደለሁ» ብዬ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። ነገሩን ላቅልል ብዬ «እሺ፣ ካፑቺኖ ይሁን» አልኩት። በትንሽ ስኒ ወተት ጠብ ያለበት ቡና አመጣልኝ። ያው ማኪያቶ!

አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ አዘኑልኝ። «ልጄ፣ እዚህ ጥቁሩ ‹ኔሮ› ነው። አንተ ማኪያቶ የምትለው ‹ካፖ›፤ በብርጭቆ ሲሆን ‹ካፖ ኢን ቢ›። ካፖ ማለት ካፑቺኖ ሲቆላመጥ ነው። ትልቁን ካፑቺኖ ከፈለግህ ‹ካፌላቴ› በል።»

«ጣሊያን አይደላችሁም እንዴ አባቴ?»

«እሱ እንደ ዘመኑ ነው» አሉና የእናታቸውን ነገር አወጉኝ (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ ነው)። እናት በ1910 ሲወለዱ፣ በ1382 ለኦስትሪያ መስፍን ያደረችው ከተማ ገና የኦስትሪያ ነበረች። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጣሊያን ሆነች። በ1943 ጀርመን ያዛት፤ በ1945 የዩጎዝላቪያው የቲቶ ጦር አርባ ቀን ከረመባት፤ ቀጥሎ እንግሊዝና አሜሪካ ተረከቧት፤ በ1954 ወደ ጣሊያን ተመለሰች። እናት ሰፈራቸውን ለቀው አያውቁም። እየመጣ የሚሄደው ድንበሩ ነው። ከእሳቸው ሌላ ያልተነቃነቀው ቡናው ብቻ ነው፤ ንጉሠ ነገሥት ካርል 6ኛ በ1719 ነፃ ወደብ ያደረጓት ከተማ የቪየና የቡና በር ሆና ኖራለችና።

ከኢትዮጵያ መሆኔን ስነግራቸው ሽማግሌው በባሕሩ ዳር ወዳለው ነጭ ግንብ፣ ወደ ሚራማሬ፣ አገጫቸውን ቀሰሩ። «ዱካ ዳኦስታ ከዚያ ተነሥቶ ነው አገራችሁ የሄደው።»

እውነታቸውን ነው። መስፍኑ በ1937 የጣሊያን እንደራሴ ሆኖ አዲስ አበባ ገባ፤ በ1941 አምባላጌ ላይ እጁን ሰጠ፤ በዓመቱ ናይሮቢ ላይ በምርኮ ሞተ። እሱም ካፖ ሊሆን ነበር የመጣው።

በሰው አገር የሚያዝ ሰው ያዘዘው እንደማይመጣለት ከእኔ ቀድሞ ያወቀ የትሪየስቴ ነዋሪ ነበር ለካ። እኔ እንኳ የከፈልኩት ዝርዝር ሳንቲም ነው።