ከወንበር ሳይነሡ አትላንቲክን ስለ ማቋረጥ

የሰው ልጅ አትላንቲክ ውቅያኖስን በመርከብ፣ በትልቅ አውሮፕላንና በትንሽ አውሮፕላን ማቋረጡ በሰፊው ተጽፏል። ከመኝታ ቤቱ ሳይወጣ፣ በካልሲ፣ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ 14 ሰዓት ሙሉ የሚያቋርጠውን ወገን ግን ሊቃውንት እስካሁን ዞር ብለው አላዩትም። ይህ ጽሑፍ ክፍተቱን ለመሙላት የተሰናዳ ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ተጠኚው ራሱ ከተቀመጠ በኋላ በየትኛውም አቆጣጠር ስለማይመራ ልዩነቱ አያሳስብም።

በቅድሚያ ማን እንደሚጠና መለየት ያስፈልጋል። ተጠኚያችን በፍላይት ሲሙሌተር፣ ማለትም በረራን በኮምፒውተር በሚያስመስል ፕሮግራም፣ ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን መርጦ፣ ከካናዳ ምሥራቃዊ ጫፍ ተነሥቶ፣ አየርላንድ ወይም ስኮትላንድ የሚያርፍ፣ ይህንንም በእውነተኛው በረራ የሰዓት ልክ የሚፈጽም፣ ሥራና ቤተሰብ ያለው ሰው ነው። በቦይንግ የሚሻገር አልተካተተም፤ እሱ መድረስ የሚፈልግ ሰው ስለሆነ ለዚህ ጥናት አይሆንም። በተዋጊ ጄት የሚተኩሰውም ወጥቷል። እሱ የሚጫወት ነው፤ ተጠኚያችንን ግን «ምን እየተጫወትክ ነው?» ቢሉት ሳምንት ያኮርፋል።

የሚመረጠው አውሮፕላን አብዛኛውን ጊዜ ሴስና 172 ነው። ከ1956 ጀምሮ ከ44,000 በላይ ተሠርቷል፤ በብዛት የሚስተካከለው አውሮፕላን የለም። ፍጥነቱ 120 ኖት ገደማ፣ በሰዓት 220 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ከኒውፋውንድላንዱ ጋንደር እስከ አየርላንዱ ሻነን ወደ 1,700 የባሕር ማይል ስለሚሆን፣ ነፋስ ካላገዘው 14 ሰዓት ይፈጅበታል። ለንጽጽር ያህል፣ ጆን አልኮክና አርተር ብራውን በጁን 1919 የዓለም ጦርነት ቦምብ ጣይ በነበረ አውሮፕላን ከሴንት ጆንስ ተነሥተው፣ 16 ሰዓት ያህል ተጉዘው፣ የአየርላንዱ ክሊፍደን አጠገብ ረግረግ ውስጥ በአፍንጫቸው ተተከሉ። ተጠኚያችን ከመቶ ዓመት በኋላ፣ የዘመኑን ኮምፒውተር ሁሉ አሰልፎ፣ በሁለት ሰዓት ያህል በልጧቸዋል።

ችግሩ ነዳጁ ነው። ሴስና 172 በፋብሪካ ታንኩ፣ ነፋስ ካላገዘው፣ ቢበዛ 640 የባሕር ማይል ያህል ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ አትላንቲክ ገና ብዙ ይቀረዋል። አውሮፕላን ለገዢው የሚያደርሱ እውነተኛ አብራሪዎች የኋላ ወንበሮችን ነቅለው ተጨማሪ ታንክ ይጭናሉ፤ ውሃ የማያስገባ ቀይ ወይም ብርቱካናማ ልብስ ይለብሳሉ፤ ከዚያም በአንድ ሞተር ላይ ተስፋቸውን ጥለው ይሄዳሉ። ሲሙሌተሩ ግን ነዳጅ እንዳያልቅ የሚያደርግ አንድ ምልክት አለው። በዚህ ምልክት ምክንያት ወገኑ ለሁለት ተከፍሏል። አንደኛው ክፍል ምልክቱን ነክቶ በቀጥታ ይሻገራል። ሁለተኛው ክፍል ያንን አይቶ አንገቱን ይነቀንቃል፤ እሱ በግሪንላንድና በአይስላንድ በኩል እየቀዳ ነው የሚሄደው። አንድ ጠረጴዛ ላይ ሁለቱን ማስቀመጥ አይመከርም።

የግሪንላንዱ መንገድ ትንሽ ሊብራራ ይገባዋል፤ በዚህ ሁሉ ጉዞ ውስጥ የሚታይ ነገር ያለው እዚያ ብቻ ነውና። ከካናዳው ጉስ ቤይ ተነሥቶ የላብራዶር ባሕርን ያቋረጠ ሰው የሚያርፈው ናርሳርስዋቅ ነው፤ አሜሪካኖች በ1941 «ብሉዊ ዌስት ዋን» ብለው የሠሩት የጦር አውሮፕላን ማረፊያ። መንደርደሪያው ያለው ጠባብ የባሕር ሰርጥ ጫፍ ላይ ነው። ደመና ዝቅ ካለ አብራሪው ከውሃው ከፍ ብሎ በሰርጡ ውስጥ ጠመዝማዛውን ይከተላል፤ ግራና ቀኙ ድንጋይ ነው፤ አጠገቡ ደግሞ ይህንኑ የሚመስሉ፣ ግን በበረዶ ግድግዳ የሚያበቁ ሌሎች ሰርጦች አሉ። የተሳሳተው ውስጥ የገባ ሰው ለመዞር ቦታ አያገኝም። ሲሙሌተሩ ይህን ሁሉ በታማኝነት አስቀምጧል። ግድግዳው ላይ የተላተመ ተጠኚ ለጥቂት ሰከንድ ዝም ይላል፤ ከዚያ ተነሥቶ ሻይ ያፈላል። በአቪዬሽን ታሪክ ከእንዲህ ያለ አደጋ በኋላ ሻይ ያፈላ አብራሪ ከዚህ ወገን በፊት አልተመዘገበም።

የመሣሪያው የዘር ሐረግ ተጠኚዎቻችን ከሚያስቡት ያነሰ ክብር ነው ያለው። ኤድዊን ሊንክ የመጀመሪያ የበረራ ማሠልጠኛውን በ1929 የሠራው በአባቱ የፒያኖና የኦርጋን ፋብሪካ ውስጥ፣ ቢንግሃምተን ኒውዮርክ ነው፤ ሣጥኑን የሚያወዛውዘውም የኦርጋን ወናፍ ነበር። የበረራ ትምህርት ቤቶች ፊታቸውን አዙረውበት መጀመሪያ የገዙት መዝናኛ ቦታዎች ናቸው። በ1934 የአሜሪካ ጦር አየር ኃይል ፖስታ እንዲያመላልስ ታዞ አብራሪዎቹ በመጥፎ አየር ውስጥ እየወደቁ ሲሞቱ ግን ስድስት ሣጥን ታዘዘ፤ ጨዋታውም የቁም ነገር ሆነ። ብሩስ አርትዊክ በ1979 አፕል ቱ በተባለው ኮምፒውተር ላይ በጥቂት መስመር የተሣለ መሬት ይዞ ሲመጣ መሣሪያው ወደ ቤት ተመለሰ። ስለዚህ ከመዝናኛ ወጥቶ፣ በጦር ሠራዊት በኩል አልፎ፣ መኝታ ቤት ገብቷል ማለት ነው። ተጠኚያችን የሚያስታውሰው መካከለኛውን ምዕራፍ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ቻርልስ ሊንድበርግ በሜይ 1927 ከሎንግ አይላንድ ተነሥቶ ፓሪስ ለመድረስ 33 ሰዓት ተኩል ፈጅቶበታል። ያን ሁሉ ሰዓት ምን ገጠመው? ሞት ከጎኑ ነበር፤ ክንፉ ላይ በረዶ ይጋገር ነበር፤ ፊት ለፊቱን ነዳጅ ታንክ ስለ ዘጋበት ወደፊት የሚያየው በፔሪስኮፕና በጎን መስኮት ነበር፤ ሬዲዮ አልነበረውም፤ የያዘው ምግብ አምስት ሳንድዊች ነው። ከመነሣቱ በፊት በነበረው ሌሊትም እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። ሲሙሌተሩ ከዚህ ዝርዝር ሞትን አውጥቷል፤ ብርዱን አውጥቷል፤ የነዳጁን ሽታ አውጥቷል፤ ሳንድዊቹን በጥብስ ተክቷል። ሳይነካ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መሰልቸቱ። የሰው ልጅ የአትላንቲክን በረራ አንጥሮ አንጥሮ፣ አደጋውን ሁሉ አራግፎ፣ ያስቀረው ድብርቱን መሆኑ የዚህ ጥናት ዋና ግኝት ነው።

ማስረጃ ካስፈለገ ማይክሮሶፍት በኦገስት 2020 ያወጣውን ሲሙሌተር መመልከት ይበቃል። የፈረንሳዩ አሶቦ ስቱዲዮ የሠራው ይህ ዓለም፣ ሁለት ፔታባይት ያህል የካርታና የሳተላይት ምስል ከሩቅ ኮምፒውተሮች ይጠቀማል። ተራራው፣ ከተማው፣ የሰው ቤት ጣሪያ ሳይቀር አለ። ኪሊማንጃሮን ማየት ይቻላል። ፓሪስን መዞር ይቻላል። የገዛ ሰፈርን ከላይ አይቶ «የኛ ቤት ይቺ ናት» ማለትም ይቻላል። ተጠኚያችን ይህ ሁሉ ቀርቦለት የመረጠው ምንም ያልተሣለበትን ክፍል ነው። ከታች ሰማያዊ፣ ከላይ ሰማያዊ፤ በየሰዓቱ 120 የባሕር ማይል አዲስ ሰማያዊ።

ከዚህም የሚብሰው፣ ማንም አለማስገደዱ ነው። ሲሙሌተሮች ጊዜን የሚያፋጥን ትእዛዝ አላቸው፤ በ16 እጥፍ ቢሮጥ የ14 ሰዓቱ ጉዞ ሃምሳ ደቂቃ አካባቢ ይሆናል። ሲፋጠን አውቶፓይለቱ ትንሽ ቢንገዳገድም ሥራውን ይሠራል። ተጠኚያችን ይህ ቁልፍ የት እንዳለ ያውቃል፤ አይነካውም። ጾም የያዘ ሰው ሥጋ ቤት በር ላይ እንደሚያልፈው ያልፈዋል። አውቶፓይለት ግን ይፈቀዳል፤ ስለዚህ አብራሪው የሚያበር አይደለም ማለት ነው፤ አብሮ የሚቀመጥ ነው። በየግማሽ ሰዓቱ ነዳጁን ከግራ ወደ ቀኝ ታንክ ያዞራል፤ የሞተሩን ሙቀት ያያል፤ ወረቀት ላይ ቁጥር ይጽፋል። ጠቅላላ ሥራው ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ለሴስና 172 ፍትሕ ማድረግ ያስፈልጋል። ይህ አውሮፕላን የመቀመጥ ሙያው የቆየ ነው። ሮበርት ቲምና ጆን ኩክ ከዲሴምበር 1958 እስከ ፌብሩዋሪ 1959 ድረስ 64 ቀን ከ22 ሰዓት ሳያርፉ በላስ ቬጋስ አካባቢ ዞረዋል፤ ሲጎድልባቸው ዝቅ ብለው በመንገድ ላይ ከሚሮጥ መኪና ነዳጅ ይቀዱ ነበር። የተነሡት ለአንድ ሆቴል ማስታወቂያ ነው፤ የደረሱትም የተነሡበት ከተማ። የኛ ተጠኚ ቢያንስ አየርላንድ ደርሷል፤ ወይም የአየርላንድ ምስል ወደ እሱ መጥቷል፤ በዚህ ነጥብ ላይ ጥናቱ አቋም አልያዘም።

ብቸኝነቱ የከበደው ተጠኚ ቫትሲም የሚባል መረብ ውስጥ ይገባል። ከ2001 ጀምሮ የሚሠራው ይህ ማኅበር በነጻ የሚያገለግሉ የበረራ ተቆጣጣሪዎች አሉት፤ በዓመት ሁለት ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ባንድነት አትላንቲክን የሚሻገሩበት ቀንም ያዘጋጃል። በእውነተኛው ዓለም የሰሜን አትላንቲክን ምሥራቃዊ ክፍል የሚቆጣጠረው ሻንዊክ ነው፤ ተቆጣጣሪዎቹ ስኮትላንድ ፕረስትዊክ፣ ሬዲዮ ጣቢያው አየርላንድ ሻነን አጠገብ። በቫትሲም ሻንዊክ ማለት የሆነ አገር ውስጥ ማይክሮፎን አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ አንድ ጨዋ ሰው ነው። አብራሪው የደረሰበትን ኬንትሮስ፣ ከፍታውንና ቀጣዩን ነጥብ በሥርዓቱ ያሳውቃል፤ ተቆጣጣሪው በሥርዓቱ ይደግምለታል፤ ይሳሳታሉ፤ ይተራረማሉ፤ ይመሰጋገናሉ። የማይቆጣጠር ሰው ለማይበር ሰው ፈቃድ ሲሰጥ በመካከላቸው የሚታየው ትሕትና እውነተኛ መሥሪያ ቤት ውስጥ ለጉዳይ የሄደ ሰው የሚያየው አይደለም።

ከቤተሰብ ጋር ያለው ግንኙነት ግን ሌላ ምዕራፍ ነው። ምሳ ቀርቦ «ና ብላ» ሲባል፣ «አሁን ውቅያኖስ ላይ ነኝ» የሚል መልስ ይሰማል። እናት ከሆኑ ጠሪዋ አንድ ጊዜ ያማትባሉ። ሚስት ከሆነች «ውቅያኖሱ ሽንት ቤቱን ካላለፈ መልካም» ትላለች። የዚህ ወገን ጠባቂ መልአክ ሊሆን የሚገባው ሊንድበርግ ሳይሆን ዳግላስ ኮሪጋን ነው። ኮሪጋን በ310 ዶላር በገዛው አሮጌ አውሮፕላን አትላንቲክን ለማቋረጥ ደጋግሞ ፈቃድ ጠይቆ ተከልክሏል። በጁላይ 1938 ከኒውዮርክ «ወደ ካሊፎርኒያ እመለሳለሁ» ብሎ ተነሣ፤ ከ28 ሰዓት በኋላ ደብሊን አረፈ። ኮምፓሱ አሳስቶኝ ነው አለ፤ እስኪሞት ድረስም ከዚህ ቃሉ ፍንክች አላለም። ቅዳሜ ጧት «ለትንሽ ደቂቃ ልብረር» ብሎ የተቀመጠና እሑድ ሲነጋጋ የተገኘ ሰው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ከየት ያመጣል?

አዲስ አበባ ተቀምጦ ለሚሻገር ተጠኚ የሞተሩ ጤንነት ሁለተኛ ጉዳይ ነው። ሊንድበርግ ባለ አንድ ሞተር መርጦ የተነሣው ሞተር ቢበዛ የሚበላሽ ነገር ይበዛል ብሎ ነው። ተጠኚያችንም ያለው አንድ መስመር ነው፤ ኮሚቴ ሳይሰበስብ የሚሄድና የሚመጣ መብራት። ከአይስላንድ ደቡብ 200 ማይል ላይ መብራት ሲሄድ፣ አውሮፕላኑ ወደቀም አልወደቀም ማለት አይቻልም፤ በቃ የለም። አቅም ያለው ባትሪ ያስገባል፤ አቅም የሌለው ሰማይ ያያል፤ ጎረቤትን «እናንተጋስ አለ?» ብሎ ይጠይቃል።

መድረሱን በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። ሊንድበርግን በፓሪሱ የለቡርዤ ሜዳ ላይ ከመቶ ሺህ በላይ ሕዝብ ጠብቆት ነበር። ተጠኚያችን ሻነን ሲያርፍ የሚጠብቀው የለም፤ ጎማው መሬት የነካበትን ፍጥነት አይቶ፣ የስክሪኑን ፎቶ አንሥቶ፣ መብራቶቹን አንድ በአንድ በሥርዓቱ ያጠፋል። ሞተሩንም ያጠፋል። ይህን የሚያደርገው ማንም ስለሚያየው አይደለም።

አስቸጋሪው ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ሲሙሌተሩ ቀጣዩን በረራ ከየትኛውም ሜዳ እንዲጀምር ይፈቅድለታል፤ ጋንደር ላይ ሌላ ሴስና ቆሞ ሊጠብቀው ይችላል። እሱ ግን አውሮፕላኑን ሻነን ትቶ መምጣት አይሆንለትም፤ በግድ ይመልሰዋል። ምዕራብ መሄድ ደግሞ ነፋስን ፊት ለፊት መግጠም ነው፤ ከአየርላንድ ወደ አሜሪካ ሳያርፉ የመሻገሩ ነገር እስከ አፕሪል 1928 አልተሳካም፤ ያኔም «ብሬመን» የተባለው አውሮፕላን ሦስት ሰዎች 36 ሰዓት ያህል ታግለው፣ ኒውዮርክ ብለው ተነሥተው፣ ካናዳ ግሪንሊ የምትባል ደሴት ላይ ነው የወደቁት።

ባለቤቱ ቅዳሜ የእህቷ ልጅ ቅልቅል መሆኑን አስታወሰችው። እሱም ቅዳሜ ከምዕራብ ብርቱ ነፋስ እንደሚጠበቅ፣ ሆኖም ሐሙስ ማታ ከተነሣ እንደሚያመልጠው፣ ካላመለጠው ግን ሬይክያቪክ ሊያድር እንደሚችል በአክብሮት አስረዳት።

«እንግዲያው ስጦታውን ከዚያው ላከው» አለችው።