ጣና ላይ ጥፋቱ ሁሉ የካፒቴን ነው

ነፋስ ሲነሳ ጥፋቱ የካፒቴን ነው። ጉማሬ ሳይታይ ሲቀር የካፒቴን ነው። አሳው መንጠቆ አልነክስ ሲል፣ ቤንዚን ሲወደድ፣ ገዳሙ ሴት አላስገባም ሲል፣ ሁሉም ዞሮ ዞሮ ሞተሩ አጠገብ የተቀመጠው ሰው ላይ ያፈጥጣል። ባሕር ዳር ላይ ጀልባ እየነዳን የምንተዳደር ሰዎች መስከረም ጠብቶ ሐይቁ ሲሞላ ደስ ይለናል። ጥምቀት ሲያልፍ ግን ወገባችን ተቆርጦ፣ ትዕግሥታችን ተሟጦ፣ ወደብ ላይ ተቀምጠን እርስ በርስ ስንነጫነጭ ትገኛላችሁ። ዘንድሮም ያው ነው። እስቲ እናንተም ስሙን።

ከሰዓት እንጀምር። በዋዜማው ማታ ይደወልና «ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ እንነሳ» ይባላል። እኛ አሥራ ሁለት ላይ ደርሰን፣ ወንበሩን ወልውለን፣ ሞተሩን ፈትሸን እንጠብቃለን። ደንበኛው ቁርሱን በልቶ፣ ቡናውን ሦስተኛ ድረስ ጠጥቶ፣ ሦስት ሰዓት ላይ እየተንጠራራ ይመጣል። በዚያ ሰዓት ተነስቶ «ዳጋ እስጢፋኖስ ውሰደን» ይላል። ዳጋ በእኛ ጀልባ ሦስት ሰዓት ገደማ ያስኬዳል፤ መመለሻም አለው።

ጣና ጠዋት የተኛ ውሃ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ግን ነፋሱ ይመጣል። ሐይቁ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል፤ ጥልቀቱ ግን ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ ከ15 ሜትር ብዙም አያልፍም። እንዲህ ሰፊ ሆኖ ጥልቀት የሌለው ውሃ ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይቆጣል፤ ማዕበሉም አጭርና ተከታታይ ስለሆነ አንጀት እስኪበጠስ ያንገጫግጫል። ጠዋት ያረፈደው ሰውዬ ያን ጊዜ «ቀስ አድርገህ ንዳ እንጂ!» ብሎ ይጮህብናል።

ላይፍ ጃኬት ስንሰጥ ደግሞ ሌላ ክርክር ነው። አንዱ «ዋና እችላለሁ» ይላል፤ የሚችለው የሆቴል መዋኛ ውስጥ ነው። አንዷ «ቀሚሴን በፎቶ ይሸፍንብኛል» ትላለች። ከዚያ አባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት ስንደርስ የጉማሬ ጆሮ ብቅ ይላል። በዚች ቅጽበት ተሳፋሪው ሁሉ ስልኩን ይዞ በአንድ ወገን ይቆማል፤ ጀልባው ያዘነብላል። «ተቀመጡ!» ብለን ስንጮህ ካፒቴኑ ጠባይ የለውም እንባላለን። «ትንሽ ጠጋ በል፣ ጥርሱ ይታየን» የሚለንም አለ። ጉማሬ ጥርሱን የሚያሳየው ሊስቅ አይደለም።

ዘንግና መንጠቆ ይዞ የሚመጣው ደንበኛ ግን ብቻውን ምዕራፍ ይፈልጋል። ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ አገር ውድ ዕቃ ተሸክሞ ይመጣና ገና ሳይሳፈር «ናይል ፐርች የት ነው ያለው?» ይላል። ናይል ፐርች ጣና ውስጥ የለም። ጫሞ አለ፣ አባያ አለ፣ ባሮ አለ። ከታች ሽቅብ የሚመጣውን አሳ የጢስ አባይ ፏፏቴ ስለሚያግደው ጣና ሊደርስ አልቻለም። ይህን ስንነግረው «አባይ የሚነሳው ከዚህ አይደል እንዴ?» ብሎ እንደ ዋሾ ያየናል። ፏፏቴውንም እኛ የሠራነው ይመስለዋል።

ጣና ያለው ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ አሳ ነው። የነጭ አሳው ወገን ራሱ 15 ያህል ዓይነት ሲሆን፣ ከዚህ ሐይቅ በቀር በዓለም ላይ ሌላ ቦታ አይገኝም። ከነዚህ መካከል ሌላ አሳ እያሳደደ የሚበላው ዘንግ ላለው ሰው ጥሩ ነበር። ነገር ግን ይህ አሳ በክረምት እንቁላሉን ለመጣል እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉ ወንዞች ይወጣል። ወንዙ አፍ ላይ መረብ ይጠብቀዋል፤ አንዳንዴም የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ውሃው ውስጥ ይበተንና ትልቁም ትንሹም አብሮ ይንሳፈፋል። የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ በ1970ዎቹ መጨረሻ ከገባ ወዲህ ድሮ ታንኳ የማይደርስበት ሁሉ ተደርሷል። ታዲያ ደንበኛው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ባዶ እጁን ሲመለስ «አሳ ያለበትን አታውቅም» የሚለው ለማን ነው? ለእኔ።

ወደ ገዳማቱ እንለፍ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም። ሥርዓቱ ከእኛ ቀድሞ የነበረ ነው። መንገድ ሳንጀምር እንናገራለን፤ ይሰማሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ዳጋ ስንደርስ ግን ሚስት ከጀልባው ሳትወርድ ትቀራለች፣ ባል ገብቶ የነገሥታቱን አፅም አይቶ እየተደነቀ ይመለሳል፣ ከዚያ እስከ ባሕር ዳር ድረስ የባልና የሚስት ኩርፊያ ጭነን እንሄዳለን። «ኡራ ኪዳነ ምሕረት ይሻላችኋል፣ ዘጌ ላይ ነው፣ ሁላችሁም ትገባላችሁ፣ ቡናውም ጥሩ ነው» ብለን ለምነን ነበር። ማን ሰማን? በየገዳሙ በር የሚከፈለው የመግቢያ ገንዘብም ከእኛ ሒሳብ ጋር እየተደመረ «ዘራፊዎች» ያሰኘናል። አባ ትኬቱን ቆርጠው ገንዘቡን የሚቀበሉት ለገዳሙ ነው፤ ከዚያች ውስጥ ለሞተር ዘይት የምትሆን ሳንቲም እንኳ ወደ እኛ አትመጣም።

ስለ ገንዘብ ካነሳን፣ ደንበኛው ሆቴል ውስጥ ለደላላ የከፈለውን ሁሉ እኛ የወሰድነው ይመስለዋል። ደላላው ድርሻውን ቆርጦ፣ አስጎብኚው ድርሻውን ቆርጦ፣ የቀረችው ወደ ወደብ ትወርዳለች። እሷም ላይ ድርድር አለ። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው እንዲሉ፣ ስምንት ሰው አሳፍረን ስንመለስ «ሁለቱ ልጆች ናቸው፣ አይቆጠሩም» ይባላል። ጀልባ የሚከራየው በሙሉ ነው፤ ሞተሩ ለልጅ ብሎ ቤንዚን አይቀንስም።

ቤንዚኑማ! ማደያ ስንሄድ «በጀሪካን አንቀዳም» ይሉናል። ክልከላው ጥቁር ገበያን ለመግታት ነው፤ ይገባናል። ግን ጀልባ ጎማ የለውም፤ ጎትተን ሰልፍ ላይ እናቁመው? ደብዳቤ አምጣ፣ ማኅተም አስመታ፣ ነገ ተመለስ። ደብዳቤው ሲመጣ ቤንዚኑ አልቋል። ያው የተከለከለው ጥቁር ገበያ ብቻ ክፍት ሆኖ ይጠብቀናል፤ በዚያ ዋጋ የቀዳነውን ለደንበኛ ስንነግር ደግሞ ዘራፊ የምንባለው እኛ ነን።

ሐይቁም በበኩሉ ያለብንን አላቀለለም። እምቦጭ የሚባለው አረም በ2004 ዓ.ም. ገደማ ከታወቀ ጀምሮ በደምቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ በኩል ያለውን ዳርቻ ሲወርስ አየን። ሰው በእጁ ነቀለ፣ ማሽን መጣ፣ ዘመቻ ታወጀ፤ አረሙ ግን ዘሩን ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ደብቆ እንደገና ይነሳል። ፕሮፔለር ላይ ሲጠመጠም ሞተሩን አንስተን በቢላ እንቆርጣለን፤ የተቆረጠችውም ቁራጭ ተንሳፍፋ ሄዳ ሌላ ቦታ ትበቅላለች። ውሃው ሲጎድል ደግሞ የማናውቀው ድንጋይ ከሥር ብቅ ይላል። በ1995 ዓ.ም. የሐይቁ ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,785 ሜትር በታች ወርዶ መርከቦች ለወራት ቆመው እንደነበር የምናስታውስ አለን። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ጀልባው ድንጋይ ሲነካ የሚጮህ ደንበኛ ይህን አያውቅም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያንገበግበን ግን ጭር ያለው ወደብ ነው። ኮሮና መጣ፣ የሰሜኑ ጦርነት ተከተለ፣ ከዚያም የክልሉ ጸጥታ ታወከ። ጀልባዎች ታስረው ቀለማቸው ረገፈ፣ የሞተር ብድር ግን አልታሰረም። ስለዚህ በሚያማርረን ደንበኛ እያማረርንም ቢሆን፣ ባይመጣ ይብሳል። አንዳንዴ የሚያናድደን ይኸው ነው፤ ደንበኛው ቢያስቀይመንም ቆመን ከመንገድ ማዶ የምንጠራው እኛው ነን።

እንግዲህ ለመጪው ወቅት የምንለምነው ጥቂት ነው። በጠዋት ኑ። ዋጋውን መሬት ላይ ጨርሱ፣ ውሃ ላይ አትሟገቱን። የትኛው ገዳም ማንን እንደሚያስገባ ስንነግራችሁ ስሙን። ላይፍ ጃኬቱን እሰሩ፣ ለጉማሬ ብላችሁ በአንድ ወገን አትቁሙ። አሳ ባይያዝ በመረቡና በብርብራው ፍረዱ። «ነፋስ ተነሳ፣ እንመለስ» ስንላችሁ ደግሞ ገንዘባችሁን ልንበላ አይደለም፤ እኛም ቤታችን የሚጠብቁን ልጆች አሉን። እንመለስ የሚላችሁን ካፒቴን አመስግኑት፤ «ችግር የለም» እያለ ወደ መሀል የሚወስዳችሁን ፍሩት።