ከኋላውስ እንዴት ነው?

አሶሳ ገበያ ውስጥ ሲንጀሩን ጥላ ሥር ያስቀመጠ አንድ ልብስ ሰፊ አውቃለሁ። ድሮ ደንበኞቹ ጨርቅ ይዘውለት ይመጡ ነበር፤ አሁን ስልክ ይዘውለት ይመጣሉ። ስልኩ ላይ አንዲት የቱርክ ተዋናይት ደረጃ እየወረደች ሳለ ፊልሙ ቆሞባታል። «ልክ እንደዚህ አድርገህ ስፋልኝ» ይሉታል። እሱም መነጽሩን ከፍ አድርጎ፣ አንዴ ስልኩን አንዴ ደንበኛይቱን ያይና ሁልጊዜ ያችኑ አንዲት ጥያቄ ይጠይቃል፦ «ከኋላውስ እንዴት ነው?»

መልስ የለም። ፊልሙ ጀርባዋን አላሳየም።

ሰውየውን ይቅር በሉት። ኋላ ኋላ የሚል ሰው መቼም ኋላ ቀር ነው። ልብስ የሚለበሰው በፊት በኩል ብቻ መሆኑን ማን ይንገረው? ፊልም ሠሪዎቹ እንኳ ቀሚሱ ተዋናይቷ ላይ ሰፍቶ ሲያስቸግራቸው ከጀርባዋ በመርፌ ቁልፍ ሰብስበው ይይዙትና ካሜራውን ከፊቷ ይገትሩታል። የፊልሙ ቤትም እንደዚያው ነው። ከፊት እብነ በረድ የመሰለው ግድግዳ ከኋላ በጣውላ የተደገፈ ኮምፔርሳቶ ነው፤ አራተኛው ግድግዳ ጭራሽ የለም፣ በዚያ በኩል የቀረጻው ሠራተኛ ሻዩን ይዞ ቆሟል።

ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የውጭ ድራማዎችን አማርኛ እያናገረ ማሳየት ሲጀምር፣ የአገር ውስጥ የጥበብ ሰዎች እንጀራችንን ሊነጥቀን ነው ብለው ጮኸው ነበር። ባህላችን ጠፋ ያሉም ነበሩ። ስለ መጋረጃው ግን ማንም አላስጠነቀቀንም።

ጎረቤቴ «ጥቁር ፍቅር» ከተባለው የቱርክ ድራማ ወዲህ ሳሎኗን ሦስቴ አድሳለች። መስኮቷ ላይ እስከ ወለሉ የሚወርድ ወይን ጠጅ ከፋይ ተንጠልጥሏል። የመጋቢት ፀሐይ ቆርቆሮውን ሲያግለው ውስጡ ምን እንደሚመስል በደንብ ልነግራችሁ አልችልም፤ ሁለት ጊዜ ገብቼ ሁለቴም ቶሎ ወጥቻለሁ። ግድግዳው መካከል ከጂፕሰም የተሠራ የእሳት ምድጃ አለ። ይህ ነገር በረዶ ለሚወርድበት አገር የተፈለሰፈ አይደለም ወይ ብዬ ልከራከር ስሞክር፣ «እሳት እኮ አይነድበትም!» ብላ አሳፈረችኝ። እውነቷን ነው። እሳቱ የሚነደው ጓሮ ነው፤ ቡናው እዚያው ከሰል ላይ ይፈላል፣ ልጆቹ እዚያው ያጠናሉ፣ ባልየውም እዚያው ጋደም ይላል። ሶፋው ላይ የሚቀመጥ የለም፤ ላስቲኩ ገና አልተነሣለትም።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ቤት ውስጥ በታኮ ጫማ መሄድም ጀምራለች። ቱርኮች ቤታቸው ሲገቡ ጫማቸውን በር ላይ ያወልቃሉ፣ እኛም አሶሳ ምንጣፍ ያለበት ቤት ስንገባ እንደምናደርገው። በታኮ ጫማ ቁርስ የሚቀርቡት ድራማው ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ጎረቤቴ ቱርኮችን መሰለች ብሎ የሚያማት ሰው ተሳስቷል። ቱርኮች ራሳቸው ያልሆኑትን ነው የመሰለችው፤ ይህ ደግሞ ከባድ ሥራ ነው።

ወንዶቹም አልቀሩም። ባለፈው የተሳፈርኩበት ባጃጅ ሹፌር በጠራራ ፀሐይ ጥቁር ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ፂሙን እንደ ድራማው ጀግና አስተካክሎ፣ ፊቱን ኮስተር አድርጎ ይነዳል። ላቡ ጆሮ ግንዱ ላይ ይንቆረቆራል። ሒሳብ ስንት ነው ብለው ዝም አለኝ። ድምፁን የሚሰጠው ሰውዬ የቀረበት መሰለኝ።

የሆሊውድ ሰዎች ግን ገና ብዙ ይቀራቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 ለወጣው «ብላክ ፓንተር» ፊልም ልብስ ያዘጋጀችው ሩት ካርተር፣ የዓለም ፋሽን ሁሉ ደጇ ሳለ፣ የአንዱን ሽማግሌ ከንፈር እንደኛ ሙርሲዎችና ሱርማዎች ሳህን አደረገችበት፤ የሌሶቶን ብርድ ልብስና የዙሉን ቆብም ለቃቅማ ጨመረች። የፊልሙን ከተማ የነደፈችው ሐና ቢችለር ደግሞ ሰማይ ጠቀስ ፎቅ አናት ላይ የሣር ክዳን ደፋችበት። ለዚህ ሁሉ በ2019 ሁለቱም ኦስካር ተሸለሙ። ምስኪኖች፣ ከፋይ ያጡ መሰለኝ። ክልላችን የሚታወቅበት የቆላ ቀርከሃስ? የጎረቤቴ የቀርከሃ አልጋና ወንበር በሁለተኛው እድሳት ወደ ጓሮ ተባሯል። ቤተሰቡ ሁሉ ወደሚቀመጥበት ማለት ነው።

የጎረቤቴ እናት አንዳንድ ጊዜ ከኩርሙክ በኩል ይመጣሉ፣ አራት ሜትር ተኩል የሚሆን ቶባቸውን ተጠቅልለው። ቶብ መቼም ሥልጣኔ ያልነካው ልብስ ነው። ዚፕ የለው፣ ቅድ የለው፤ ከፊትም ከኋላም ያው ነው። እሳቸው ሳሎኑ በር ላይ ቆመው ከፋዩን፣ ምድጃውን፣ ላስቲኩን ተራ በተራ አዩና «ልጄ፣ ማን ሊመጣ ነው?» አሉ። ከዚያም ጓሮ ሄደው ቀርከሃው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ባለፈው ሳምንት ልብስ ሰፊው ጋ አንድ የሙሽራ ቀሚስ ተሰቅሎ አየሁ። ፊቱ አልቋል። ጀርባው ገና ነው፤ ሙሽራይቱ ቅዳሜ ድራማው ሲቀጥል ተዋናይቷ ዞር ትል ይሆናል ብላ እየጠበቀች ነው። ሠርጉ እሑድ ነው። የምታውቋት ካላችሁ፣ እባካችሁ መርፌ ቁልፍ ይዛችሁ ድረሱላት።